ከሸራው ሥር ያለው ሞተር

እኔ ስወለድ ሰፈሩ እልል ሲል፣ «እነዚህ ሰዎች ደግሞ ምን ፈልገው ነው?» በሚል ዐይን ነበር አሉ ዙሪያዬን የቃኘሁት። የነገረችኝ እናቴ ናት። እሷም ብትሆን ወሬ ማሳመር ስለምትወድ ሙሉ በሙሉ አላመንኳትም።

ሥራዬ ደግሞ አባሰብኝ። የከብት ክትባት ሠራተኛ ነኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት በኮምቦልቻ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች በመንግሥት ሞተር ሳይክል የመድኃኒት ሳጥን ጭኜ ስዞር ነው። ባለከብቱ ሁሉ «ግድ የለህም፣ ይቺ እንኳ አትራገጥም፣ እንደ በግ ናት» ይላችኋል። ሁልጊዜ የምትራገጠው ደግሞ እንደ በግ ናት የተባለችው ላም ናት። ጉልበቴ ላይ ያሉት ጠባሳዎች በሙሉ የ«እንደ በግ ናት» ጠባሳዎች ናቸው። ስለዚህ አንድ ሰው ደጋግሞ «ችግር የለም» ካለኝ ወደ ኋላ ፈንጠር እላለሁ። «ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር» ያለው ሰው ከብት ሳይከትብ አልቀረም።

ሲያትል ስገባ ግን ፈንጠር የምልበት ቦታ አጣሁ። አገሩ ሙሉ «ችግር የለም» ባይ ነው።

የሄድኩት ለሞተር ነበር። ሰይድ የሚባል አብሮ አደግ አለኝ። ወጣት ሳለን የቢሮውን ሞተር ይዤ ስወጣ ከኋላዬ ፊጥ ይላል። ሰኞ ሰኞ ወደ ባቲ ገበያ፣ ሌላ ቀን ወደ ሐርቡ፣ ጆሮዬ ሥር እየዘፈነ አገር አዳርሰናል። በኋላ ዲቪ ደረሰውና አሜሪካ ገባ፤ እዚያም የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ሆነ። ያን መሐሉ ላይ እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፈውን ረዥሙን ነው የሚነዳው። በስልክ ባወራን ቁጥር ወሬያችን የሚዘጋው በአንድ ነገር ነው።

«አንድ ቀን ትመጣለህ፣ ሁለት ሞተር እናስነሳለን፣ ከሲያትል ውቅያኖሱን በቀኝ አድርገን እስከ ሜክሲኮ ድንበር ቁልቁል ነው! እኔ እንደሆንኩ በየቅዳሜው ነው የምነዳው አቦ!»

ፎቶም ይልካል። ጥቁር መነጽር፣ ጥቁር ሞተር፣ ከጀርባው ጥድ።

በመጨረሻ ቪዛ ተሳካልኝና ሄድኩ። የድንበር ሠራተኛው ለምን እንደመጣሁ ጠየቀኝ። «ሞተር ልነዳ» አልኩት። ፈገግ ብሎ፣ ፓስፖርቴን መትቶ፣ «ተዝናና» አለኝ። በቃ። ይህን ያህል በቀላሉ? ዋናው በር ሌላ ነው፣ ይሄ ማታለያው ነው ብዬ ሻንጣዬን አቅፌ እየተገላመጥኩ ስወጣ፣ ሰይድ ከሩቅ እጁን ያወናጭፋል። ተቃቀፍን፣ ተላቀስን። ሳቅፈው ከብብቱ ሥር አንድ ነገር ጉንጬን ቧጠጠኝ። ከአዲሱ የቆዳ ጃኬቱ ላይ ያልተቆረጠ የሱቅ ወረቀት ነው።

«በየቅዳሜው የምትነዳው በዚህ ነው?» አልኩት።

«ኦልዱን ጃኬት ለሰው ሰጠሁት» አለና ወረቀቱን ገንጥሎ ኪሱ ከተተ። ከዚያም ቶሎ ብሎ፣ «ሶ፣ እነ ኮምቦልቻ እንዴት ናቸው?»

የመጀመሪያዋ ስንጥር እሷ ነበረች።

ሰይድ የሚኖረው ከከተማው በስተሰሜን፣ ሾርላይን፣ ጸጥ ባለ ሰፈር ነው። ጸጥታ ስላችሁ፣ ውሻው እንኳ የሚጮኸው ይቅርታ እየጠየቀ ነው። ሚስቱ ዘሃራ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። በሩ ላይ ተቀበለችኝ። «አህለን፣ እንኳን ደህና መጣህ» ያለው አፏ ነው፤ ዐይኗ ግን «ባሌን የት ልትወስደው ነው?» ይላል። ከዚያ ታበላኝ ጀመር። ሩዝ፣ ሳምቡሳ፣ ዶሮ፣ ደግሞ ሩዝ። እኔ ከብት አውቃለሁ፤ ከብት እንዲህ የሚቀለበው ለምን እንደሆነም አውቃለሁ። ሂክማ የምትባል ጎረምሳ ልጃቸው ደግሞ ጆሮዋ ላይ የተሰካውን ሳትነቅል «ሃይ አንክል» ብላኝ ወደ ክፍሏ ገባች።

በማግስቱ ሞተሮቹን አሳየኝ አልኩት ሰይድን።

«ጋራዥ ውስጥ ናቸው፣ ሸራ አልብሻቸዋለሁ። ግን ዝናብ ነው» አለኝ።

«ጋራዡ ውስጥ ይዘንባል እንዴ?»

«ኢንጂኑ እርጥበት አይወድም።»

እሺ፣ ዝናብ ነበር። ሲያትል ሰማዩ የተቀደደ ቧንቧ ነው፤ አያንጠባጥብም፣ ያለቅሳል። ግን ዝናቡ ቆመና ያ ሁሉ ተራራ በፀሐይ ወጣ ብሎ ሲታይ፣ «አሁንስ?» አልኩት።

«ፀሐይ ለጎማ ጥሩ አይደለም፣ ትራስት ሚ» አለኝ።

አያችሁ? እርጥበት ለኢንጂኑ፣ ፀሐይ ለጎማው። ታዲያ ይህ ሞተር የሚነዳው በጨረቃ ግርዶሽ ነው?

በዚህ መሐል በራሴ ላይ የደረሰውን ባልነግራችሁ ይሻለኝ ነበር። ግን አንዴ ጀምሬያለሁ። ሁሉም ወደየሥራው ሄዶ ብቻዬን ቤት ስውል፣ በመስኮት ወደ መንገዱ አያለሁ። አንድ ሰው ከመኪና ወረደ፣ ጎረቤት በር ላይ ካርቶን አስቀመጠ፣ ፎቶ አነሣው፣ ሄደ። እናንተዬ፣ ዕቃ ጥሎ፣ ፎቶ አንሥቶ፣ ሳይጠራ የሚሄድ ሰው ምን ይባላል? ቀና ብዬ ሳይ በየበሩ ካርቶን አለ! ሰው የለም፣ ዘበኛ የለም፣ ካርቶኑ እንደ እህል ተሰጥቷል። ወይ ወጥመድ ነው፣ ወይ ሌባ መጥቶ ሊያፍሰው ነው። ወጥመድ ከሆነ አያገባኝም፤ ሌባ ከሆነ ግን ሰው ባዕድ አገር ሲሄድ ለጎረቤት መልካም መሆን አለበት። ብርድ ስለነበር ጋቢዬን ተከናንቤ ወጣሁ። ከዚህ በር አንዱን፣ ከዚያ በር ሁለቱን፣ እየተገላመጥኩ (ሌባው እንዳያየኝ ነው) ሰበሰብኩና ሰይድ ሳሎን ውስጥ ደረደርኳቸው። ባለቤቶቹ ሲመጡ እያንኳኳሁ ላስረክብ፣ ሊመርቁኝ።

ሂክማ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ለመጀመሪያ ጊዜ የጆሮዋን ነቀለች።

«አንክል… ዋት ዲድ ዩ ዱ?»

ስልኳን ዘረጋችልኝ። የሰፈሩ ሰዎች የሚጻጻፉበት ገጽ ነው አለች። በየበሩ ላይ ካለች ትንሽ ካሜራ የተነሣሁት እኔ ነኝ፤ አፍንጫዬ እንደ ዱባ ተነፍቶ፣ በነጭ ጋቢ፣ ካርቶን ደረቴ ላይ አቅፌ፣ ግራ ቀኝ ስገላምጥ። ከሥሩ የተጻፈውን ተረጎመችልኝ። «ነጭ ካባ የለበሰ ተጠርጣሪ። የሃይማኖት ሰው ሳይሆን አይቀርም። ተጠንቀቁ።»

ተጠርጣሪ! እኔ! ዕድሜ ልኬን የጠረጠርኩት ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ቢስቅብኝ ይህን ያህል አይከብደኝም ነበር።

ሂክማ ቀድማ፣ እኔ ካርቶኑን ተሸክሜ ከኋላ፣ በየቤቱ እያንኳኳን መለስን። እሷ ምን እንደምትላቸው አላውቅም፤ «ሂ ኢዝ ኒው» የሚል ብቻ ነው የገባኝ። ሁሉም ፈገግ ብለው «ችግር የለም» አሉ። አንድ ሽማግሌ እንዲያውም ብስኩት በሳህን አወጡልኝ። አመስግኜ ያዝኩና እሳቸው አንድ እስኪነክሱ ጠበቅኩ።

ሂክማ ለእናት አባቷ አልነገረችብኝም። በዚህ ወደድኳት። ለምን እንዳልነገረች ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ሞተሮቹን ያየሁት በካልሲ ሰበብ ነው። የልብስ ማጠቢያው ጋራዥ ውስጥ ነው። ካልሲዬን ይዤ ገባሁ፣ ማጠቢያውን አልፌ ሸራው ጋ ደረስኩ። የመጀመሪያውን ገለጥኩ፤ እንደ ሙሽራ ያበራል። ይሄ የእኔ ይሁን አልኩ በልቤ። ሁለተኛውን ገለጥኩ። ላ ኢላሃ ኢለላህ! ቀኝ ጎኑ ከፊት እስከ ኋላ ተፍቋል። መስታወቱ በፕላስተር ተጠምጥሟል። የፍሬን መያዣው ወደ ውጭ ተቆልምሟል። ጎማው መሐል ደግሞ የቁጥቋጦ ቅጠል ከነቅርንጫፉ ተሰክቷል።

ሸራውን መልሼ ቁጭ አልኩ። ይህ ሞተር ወይ ተሰርቋል፣ ወይ ሰው ገጭቷል፣ ወይ ሲሰረቅ ሰው ገጭቷል። ሰይድን ደግሞ ሳስተውለው እያነከሰ ነው ለካ! ክርኑም በልዟል። እራት ላይ ቀስ ብዬ ጣል አደረግኩ።

«ሰይድ፣ ምን ሆነህ ነው የምታነክሰው?»

«ጂም» አለ፣ ሩዙን እያየ።

«የቱ ጂም?» አለች ዘሃራ፣ ከእኔ ቀድማ።

«ኦኬ፣ ሶ… ሻይ ይምጣ?» አለና ተነሣ። በሕይወቱ ሻይ አፍልቶ የማያውቅ ሰው ሻይ ሊያፈላ ሄደ። እኔና ዘሃራ ለመጀመሪያ ጊዜ ዐይን ለዐይን ተያየን።

በማግስቱ ሰይድ ሥራ ሲወጣ ሳህን አቀረበችልኝና ከፊቴ ተቀመጠች።

«ወንድሜ፣ በአላህ እውነቱን ንገረኝ። ይሄ ጉዞ የምትሉት ነገር የምር ነው ወይስ ሽፋን?»

«የምን ሽፋን?»

«ዕረፍት በሆነ ቀን ሁሉ ቦርሳ አንጠልጥሎ ይወጣል። የት ስለው ጂም። እሺ ብዬ ስተወው፣ ሻወር ቤት ሆኖ ለራሱ ምን ሲል ሰማሁት መሰለህ?» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «‹ቀስ ብለህ ያዛት… አታስደንግጣት… አሁን ቀስ ብለህ ልቀቃት…›»

የያዝኩትን ሳምቡሳ ሳህኑ ላይ መለስኩት።

«ጃኬቱ ላይ ደግሞ ጸጉር አገኘሁ» አለች። «ረዥም። ነጭ! አየህ፣ ወጣት ብትሆን እንኳ እሺ፣ ሰው ይሳሳታል። አሮጊት! እኔ ስንት አሮጊት አጥቤ፣ አበጥሬ ነው ማታ የምገባው፤ እሱ ደግሞ ከአሮጊት ጋር ይዞራል?» ሳቅ የሚመጣ መሰለኝና ቀና ስል ዐይኗ እንባ አቅርሯል። ሳቁን ዋጥኩት።

«ነገ ዕረፍት ነው» አለች። «ተከተልልኝ። ሰይድ ራሱ ነው የሚለው፣ እንዳንተ የሚጠረጥር ሰው አልተፈጠረም ብሎ።»

እነሆ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ችሎታዬ ተፈለገ። እምቢ እንዴት ይባላል?

ሰይድ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ባቡር ጣቢያ ገባ፤ እኔም ከኋላ። እሱ አንዱ ፉርጎ፣ እኔ ቀጥሎ ያለው። ፊቴን የምሸፍንበት ጋዜጣ አምሮኝ ነበር፤ ግን ባቡሩ ውስጥ ሁሉም ስልኩ ላይ ተደፍቷል፤ ጋዜጣ ብዘረጋ ፎቶ ያነሡኛል፤ ፎቶ ደግሞ ከዚህ ወዲያ በቃኝ። የሹራቤን ቆብ አፍንጫዬ ድረስ ጎትቼ ተቀመጥኩ። ከጎኔ የነበረችው ሴትዮ ተነሥታ ሌላ ቦታ ሄደች። ባቡሩ መሐል ከተማውን በሥር አልፎ ሬኒየር ቫሊ ገባ፤ ሰይድ ኮሎምቢያ ሲቲ የሚባል ጣቢያ ወረደ፤ እኔም ወረድኩ።

ግርም አለኝ። ግራ ቀኙ ሐበሻ ነው። የአማርኛ ጽሕፈት ያለበት ሱቅ፣ ቆሞ የሚያወራ ሰው፣ ከሩቅ የሚሰማ «ኧረ ባክህ!»። ምን ዓይነት ሰው ነው ከሐበሻ ሊደበቅ ሐበሻ መሐል የሚመጣ? ሰይድ በአንድ ግሮሰሪ ጎን ታጥፎ ከጀርባ ወዳለ ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ገባ። እኔ ከግሮሰሪው የቆሻሻ ገንዳ ኋላ ቁጢጥ አልኩ። ሳጮልቅ፣ ያውላችሁ! ነጭ ሹሩባዋ ወገቧ የሚደርስ ፈረንጅ ሴትዮ ሰይድን ጥምጥም አድርጋ አቀፈችው።

«ማነህ አንተ? ገንዳዬ ሥር ምን ትሠራለህ?»

ዘወር ስል ዕድሜያቸው የገፋ ሴት መጥረጊያ እንደ ጦር ይዘው ቆመዋል። የግሮሰሪው ባለቤት ናቸው።

«ሐበሻ መሆኔን በምን አወቁ?» አልኳቸው፣ ከሁሉ አስቀድሞ ያሳሰበኝ እሱ ስለሆነ።

«እንዲህ አድርጎ የሚያጮልቅ ሌላ ሕዝብ የለም!» አሉ። ከዚያ ጠጋ ብለው አዩኝ። «ቆይ… አንተ ያ ካርቶን ሰብሳቢው አይደለህም? ልጄ በስልክ ያሳየችኝ?»

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ባቡር ተሳፍሯል ማለት ነው። መጥረጊያው ከፍ ሲል፣ «እማማ፣ በአላህ ይስሙኝ! ሰው እየተከታተልኩ ነው!» አልኩ። ተከታታይ ነኝ ማለት ሌባ ነኝ ከማለት እንደማይሻል የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ቀጠልኩ እንግዲህ። «ጓደኛዬን ነው። ባለትዳር ነው። ከአንዲት ነጭ አሮጊት ጋር…»

መጥረጊያው አየር ላይ ቆመ። ሴትዮዋ ግራ ቀኝ አዩ፤ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ፤ ጉልበታቸውን ይዘው እያቃሰቱ አጠገቤ ቁጢጥ አሉ።

«የታለ? እስቲ አሳየኝ።»

ጣቴን ቀሰርኩ። አጮለቁ።

«ይሄ?» አሉ፣ ቅር ብሏቸው። «ይሄማ ያ የሚወድቀው ሰውዬ ነው!»

«የሚወድቀው?»

«ይመጣል፣ ይወድቃል፣ ይሄዳል። ለጉልበቱ በረዶ የምሰጠው እኔ አይደለሁ? ሴትዮዋ አስተማሪው ናት፣ ሊንዳ ትባላለች። እንጀራ ከእኔ ነው የምትገዛው።»

ደግሜ አየሁ። ማቆሚያው ላይ ለመንዳት መለማመጃ የሚሆኑ ብርቱካንማ፣ ሾጣጣ የፕላስቲክ ቆቦች ተደርድረዋል። ሰይድ ትልቅ የራስ ቁር አጥልቆ፣ ፍየል በምታክል ሞተር ላይ ጉልበቱን አጥፎ ተቀምጧል። ያን የሚያህል አውቶቡስ የሚያጣጥፍ ሰው! ሞተሯ ተንደረደረች፣ ተንቀጠቀጠች፣ አንድ ቆብ ረገጠች፣ ከዚያ ልክ ለመተኛት እንደምትመቻች ላም በቀኝ ጎኗ ቀስ ብላ ተኛች። ሰይድም አብሯት።

ሳላስበው ሮጬ ደረስኩ። «ሰይድ! ተጎዳህ?»

የቁሩን መስታወት ገለጠ። አየኝ። መልሶ ዘጋው።

«ክፈተው» አልኩት።

«አልከፍትም።»

«በየቅዳሜው ነው የምነዳው ትለኝ አልነበር?»

ከውስጥ ሆኖ የታፈነ ድምፅ አሰማ። «ቁጭ እልበታለሁ አልኩህ እንጂ… ኦኬ፣ እነዳለሁ ብያለሁ። ገዛሁት፣ ጋራዥ በር ላይ አስነሣሁት፣ የጎረቤት አጥር ውስጥ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ሸራ አለበስኩት።»

ለካስ ቅጠሉ! ድሮ የላከልኝን ፎቶዎች አንድ በአንድ ሳስባቸው፣ ሁሉም ላይ ሞተሩ በመቆሚያው ነው የቆመው።

«ለምን አልነገርከኝም? አንዱ ሞተር ይበቃን ነበር፤ እንደ ድሮው ከኋላ ትቀመጥ ነበር።»

አሁን ቁሩን አወለቀ። ጸጉሩ በላብ ራሱ ላይ ተለጥፏል፤ ሸብቷል ለካ፣ እስካሁን አላየሁትም።

«ከኮምቦልቻ እስከ ባቲ ስንት ጊዜ ሄደናል?» አለኝ። «እኔ ያየሁት ያንተን ጀርባ ነው። ሰው መንገዱን ሲያወራ እኔ የማውቀው የካፖርትህን ስፌት ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ከጎንህ ልሂድ ብዬ ነው፣ በቃ።»

እኔ ስድብ አዘጋጅቼ ነበር። የት እንደገባ አላውቅም።

ሊንዳ ነገሩ ከበድ ማለቱን ሳታየው አልቀረችም፤ እኔን ጠቁማ ሰይድን ጠየቀችው፣ ሰይድም ሊክሰኝ ፈልጎ መሰለኝ፣ «የአገራችን አንደኛ ሞተረኛ ነው!» አላት። እንድነዳ ቆቦቹን አሳየችኝ። እኔ? ገደልና ግመል መሐል የነዳሁ ሰው፣ ለፕላስቲክ ቆብ? ተቀመጥኩ፣ አስነሣሁ፣ የመጀመሪያውን ቆብ ደፈጠጥኩ፣ ሁለተኛውን ጎተትኩ፣ ሦስተኛው ከሥሬ ገብቶ ጮኸ። የግሮሰሪዋ እማማ ከገንዳው ኋላ በሳቅ ፈነዱ። ሊንዳ አንድ ነገር ተናገረች።

«ቆቡን ስለምታየው ነው የምትገጨው ነው የምትልህ» አለ ሰይድ። «የፈራኸውን አትይ፣ የምትሄድበትን እይ።»

«ሳላየውማ እንዴት አምነዋለሁ?» አልኩ።

አስተማሪዋ የሰይድን ሁለት እጆች በሁለት እጆቿ ይዛ መሪው ላይ እያለማመደችው ሳለ፣ አንድ የቤተሰብ መኪና ጎማውን እያስጮኸ ማቆሚያው ውስጥ ገባ። ዘሃራ ናት። እኔን ልካ፣ እኔን ጠርጥራ ተከትላኛለች! በሙያዬ አከበርኳት።

«እሷ ናት?» አለች፣ በሩን እንደከፈተችው ትታ እየመጣች። «ሰይድ! እጇን ልቀቅ! እሷ ናት ‹ቀስ ብለህ ልቀቃት› የምትባለው?»

ሮጬ መሐል ገባሁ።

«ዘሃራ፣ ፍሪሲዮኑ ነው! የሞተሩ ፍሪሲዮን! ቀስ ተብሎ ይያዛል፣ ቀስ ተብሎ ይለቀቃል። ካስደነገጧት ትዘላለች።»

ዘሃራ ፍሪሲዮኑን አየች። የተኙትን ቆቦች አየች። የባሏን የተላጠ ክርን አየች። ሊንዳ ፊቷ ሁሉ ጥርስ ሆኖ መጥታ እሷንም ጥምጥም አድርጋ አቀፈቻትና፣ ስላንቺ ነው ሁልጊዜ የሚያወራው አለቻት፤ ይህንን እንኳ እኔም ገባኝ። ያኔ ዘሃራ መሬት ላይ ቁጭ ብላ መሳቅ ጀመረች። ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ እንባዋ ወረደ፣ ሂጃቧ ተንሸራተተ። ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ ሁላችንም ስንስቅ እሷ ብቻ ሳቋን አቆመች።

«ብትሞትስ?» አለችው።

ለካስ መጀመሪያ በሩ ላይ ያየሁት ዐይን ይህንን ነው ሲጠይቅ የከረመው፤ እኔ ግን ለእርድ የምትቀልበኝ መስሎኝ ነበር።

«ሰው ቀብሬ የማድር ሰው ነኝ» አለች። «ዛሬ ያበጠርኳቸው ነገ አልጋቸው ባዶ ነው። እቤቴ ስገባ አንተን እዚያው እንዳለህ ነው የማገኝህ። እሱንም ልትወስድብኝ?» የመጨረሻዋን ለእኔ ነበር ያለችው።

ሰይድ ቀስ ብሎ አጠገቧ ተቀመጠ። ክርኑን አነሣችና በመሐረብ ጠረገችለት፣ ሆን ብላ ጠንከር አድርጋ። «ተነሥ» አለችው በመጨረሻ። «ንዳ፣ ልይህ።»

ነዳ። የመጀመሪያውን ቆብ አለፈ። ሁለተኛውን አለፈ። ወደ ቆቦቹ አላየም፤ ዘሃራን ነበር የሚያየው፤ እሷ ከጫፍ ቆማ ስለነበር ሞተሩም ወደ እሷ ሄደ። ሳይወድቅ ፊቷ ቆመ።

«እሺ» አለች። «ትሄዳላችሁ። እኔም የዓመት ፈቃዴን ወስጄ በመኪናዬ ከኋላችሁ እሄዳለሁ። ዕቃውም፣ ምግቡም፣ መድኃኒቱም እኔ ጋ ነው። አንዳችሁ ብትፈጥኑ እመለሳለሁ፤ ምግቡን ይዤ።»

ሂክማ አክስቷ ቤት ልትከርም መሆኑን ስትሰማ «ፋይናሊ!» ብላ ብቻ ቦርሳዋን ሸከፈች።

ሰይድ የሞተር መንጃ ፈቃድ ፈተናውን አለፈ። ማለፉን ያየሁት ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንሥቼ፣ ፊትና ጀርባውን አገላብጬ ካረጋገጥኩ በኋላ ነው። መስታወቱ ተቀየረ፣ የፍሬን መያዣው ተቃና፣ የተፋቀው ጎን ግን እንዳለ ይሁን አለ ሰይድ፤ ከሩቅ ሲያዩት ብዙ የነዳ ያስመስላል።

የመነሻችን ቀን ጠዋት ደመና ነበር፣ ዝናብ ግን አልነበረም። ሰይድ ከፊት፣ እኔ ከጎኑ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ዘሃራ ከኋላችን፣ የመኪናዋ አራቱም መብራት ብልጭ ድርግም እያለ፣ ቀብር እንደሚሸኝ ሰው በዝግታ ከሰፈር ወጣን። ዋናው መንገድ ላይ የመጀመሪያው የትራፊክ መብራት ቀይ ያዘን። አረንጓዴ በራ። የሰይድ ሞተር ተንቀጠቀጠና ጠፋ።

ከኋላችን የመኪና ሰልፍ አለ። እዚህ አገር ሰው ትዕግሥተኛ ነው፤ አንድም ጥሩንባ የለም፣ አንድም ጭንቅላት በመስኮት አልወጣም። ሰይድ ያስነሣል፣ ይጠፋል። ያስነሣል፣ ይጠፋል። ዝምታው አስፈራኝ፤ ይህን ያህል ሰው ዝም የሚለው ምን ሊያደርገን ነው እያልኩ ዘወር ዘወር እላለሁ። በዚህ መሐል ከዚያ ሁሉ መኪና አንዲቱ፣ አንዲቱ ብቻ፣ የኮምቦልቻ መናኸሪያ እስኪመስል ድረስ ጥሩንባዋን ለቀቀችው።

ዘሃራ ናት።

ሰይድ ከመደንገጡ የተነሣ እጁ የያዘውን ሁሉ ለቀቀ። ሞተሩ እንደተወጋ ወይፈን ዘለለ፤ መስቀለኛ መንገዱን ተሻገረ፤ ታጠፈ፤ ከዐይናችን ተሰወረ። እኔ ልከተለው ስል መብራቱ ቀይ ሆነ። ዘሃራ መስኮቷን አወረደች።

«ምን ቆመሃል? ተከተለው እንጂ!»

«ቀይ ነው!»

«እሱ ብቻውን ሊሄድ ነው? ያ ረቢ! የገደልኩት እኔ ነኝ!»

ያ ቀይ መብራት እንደነበረው ረዥም ቀይ መብራት አይቼ አላውቅም። የሁለታችንም ጆሮ ወደ ማዶ ነው። አረንጓዴው ሲበራ እኔና እሷ ጎን ለጎን ተወነጨፍን። ታጠፍን። መንገዱ ባዶ ነው። ቀጠልን። ነዳጅ ማደያ ጋ ስንደርስ፣ ጥግ ላይ፣ ሁለት እግሩን መሬት ተክሎ፣ የቁሩን መስታወት ከፍቶ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሟል።

ዘሃራ ከመኪናዋ ዘላ ወርዳ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ዐይኑን፣ ጥርሱን፣ አንገቱን መረመረች። ሰይድ ተመረመረላት፣ ከዚያ በትከሻዋ በላይ እኔን አየኝ።

«የት ቀራችሁ?» አለ።